ፍሌክስ ሩም ምንድን ነው? እማዬ ስትመጣስ ቢሮው የት ይሄዳል?

አሜሪካ ቤት እየፈለገ ያለ ሰው ይቺን ቃል ሊስቲንግ (የቤት ማስታወቂያ) ላይ ሳያያት አይቀርም፣ "3 መኝታ ቤት እና 1 ፍሌክስ ሩም" ትላለች። በአጭሩ ፍሌክስ ሩም ማለት አንድ ስራ ብቻ ያልተሰጠው ትርፍ ክፍል ነው፣ ዛሬ ቢሮ፣ ነገ እንግዳ ማሳደሪያ፣ በመሀል ደግሞ ልብስ ማጠፊያ ምናምን የሚሆን። ግን ልብ በሉ፣ ሻጩ መኝታ ቤት ማለት እየቻለ ፍሌክስ ሩም ካለ አንዳንዴ ምክንያት አለው፣ ክፍሉ በህግ መኝታ ቤት ላይባል ይችላል። አብዛኛው ስቴት የሚከተለው የግንባታ ኮድ ሰው የሚተኛበት ክፍል ቢያንስ 70 ስኩዌር ፊት እንዲሆን፣ የትኛውም ጎኑ ከ7 ፊት እንዳያንስ፣ ሰው ሊወጣበት የሚችል መስኮት እንዲኖረውና የመስኮቱ ደፍ ከወለሉ ከ44 ኢንች በላይ ከፍ እንዳይል ይጠይቃል። ቤዝመንት ውስጥ ያሉ ክፍሎች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት እዚህ ጋ ነው፣ ጣራው ስር የተለጠፈች ቀጭን መስኮት ብርሃን ታስገባለች እንጂ ሰው አታስወጣም። ማታ እሳት ተነስቶ ደረጃው በጭስ ከተዘጋ መውጫው ያ መስኮት ነው፣ የእሳት አደጋ ሰራተኛውም የሚገባው በሱ ነው፣ ስለዚህ መስኮት የሌለው ክፍል ቀለሙ የፈለገ ቢያምር ቢሮ አድርጉት እንጂ ሰው አታስተኙበት።

እሺ መስኮቱ አለ እንበል። አሁን ቢሮና መኝታ አንድ ላይ እንዴት ይሆናል? የፈረንጅ ምክር በአብዛኛው ሁለት ሌሊት አድሮ ለሚሄድ እንግዳ የታሰበ ነው፣ ሶፋ ቤድ ግዙ፣ ኤር ማትረስ ንፉ፣ አለቀ። የኛ እንግዳ ግን እንደዛ አይደለም። በቪዚት ቪዛ የገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እስከ 6 ወር ይሰጠዋል፣ አራስ ልትጠይቅ የመጣች እናት ደግሞ ልጁ አንገቱ ሳይጠና የት ልትሄድ ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ስንት እቃ ይገባል ሳይሆን ሁለቱ ስራ በአንድ ሰዓት ይጋጫል ወይ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ብቻ አስቡት፣ በአሜሪካ በጋ (ሰመር) አዲስ አበባ ከዋሽንግተን 7 ሰዓት ይቀድማል፣ እዚህ በሀበሻ ሰዓት ከሌሊቱ 9 ሲሆን እዛ ጠዋት 4 ሰዓት ነው፣ እሷ ነቅታ ቡናው የት እንዳለ እየፈለገች ነው፣ ከቀኑ 9 ላይ ደግሞ ለሷ ማታ 4 ሰዓት ሆኗል፣ እንቅልፍ ይጥላታል፣ እናንተ ደግሞ እዛው ክፍል ሚቲንግ አላችሁ። ይሄንን የትኛውም የሚታጠፍ አልጋ አይፈታውም።

ለዚህ ነው እኔ ሰው ከሚያደርገው ተቃራኒውን የምመክረው፣ ሁሉም ዴስኩን ተክሎ አልጋውን ተንቀሳቃሽ ያደርጋል፣ እናንተ አልጋውን ትከሉና ዴስኩ ይንቀሳቀስ። ላፕቶፕና አንድ ሞኒተር ብቻ የምትይዝ፣ ጎማ ያላት፣ በበር የምታልፍ ጠባብ ዴስክ ካለች እንግዳ ሲመጣ ወደ ራሳችሁ መኝታ ቤት ትገባለች፣ ሲሄድ ትመለሳለች። ስድስት ወር ሙሉ አየሩን እየተነፈሰ በሚያድር ፍራሽ ላይ ትልቅ ሰው ከማስተኛት ይሻላል በቃ።

ልኩን እንየው። ትርፍ ክፍል ብዙ ጊዜ 10 በ10 ፊት ነው፣ ማለትም በየጎኑ 120 ኢንች። ኩዊን አልጋ 60 በ80 ነው፣ ስለዚህ ከእግርጌው 40 ኢንች ብቻ ይተርፋል፣ 24 ኢንች ዴስክ ብታስገቡበት ወንበሩን ወደ ኋላ የምትስቡበት ቦታ የላችሁም። ትዊን የሚባለው የአንድ ሰው አልጋ ግን 38 በ75 ነው፣ በረጅም ጎኑ ግድግዳ ላይ ብትለጥፉት ከፊቱ 82 ኢንች ሰፊ ወለል ታገኛላችሁ። ዴይ ቤድ የሚባለው ይሄው ነው፣ ቀን ትራስ ደርድራችሁ ትቀመጡበታላችሁ፣ አባዬም አብሮ ከመጣ ከስሩ የሚሳብ ሁለተኛ አልጋ ያለውን መግዛት ነው። መርፊ ቤድም አለ፣ ወደ ላይ ተነስቶ ቁም ሳጥን የሚመስለው፣ ስሙን ያገኘው ከሳንፍራንሲስኮው ዊሊያም መርፊ ነው፣ ከዛሬ መቶ ምናምን አመት በፊት። ቆንጆ ነገር ነው ግን ከድራይዎሉ (ከግድግዳው የጂፕሰም ልባስ) ጀርባ ካለው እንጨት ጋ በደንብ መታሰር አለበት፣ ተከራይ ከሆናችሁ አከራዩን ሳትጠይቁ አትሞክሩት። ሶፋ ቤድ? ዝቅ ያለ ነው፣ ጉልበቷን የሚያማት ሰው አንዴ ከተቀመጠች ለመነሳት ሰው ትጣራለች፣ ብዙዎቹ ደግሞ ወገብ ላይ የሚቆረቁር ብረት አላቸው።

ክሎዜቱን ግማሹን ባዶ አድርጉት። ሁለት ሻንጣ ሽሮና በርበሬ ይዛ ነው የምትመጣው፣ ስትመለስም ሁለት ሻንጣ ሞልታ፣ እና ያ ሻንጣ ወለል ላይ ከተዘረጋ ክፍሉ አለቀ ማለት ነው። አንድ የሚረሳ ነገር ደግሞ ፀሎት ነው፣ ይሄ ክፍል የፀሎት ቤትም ይሆናል። ኦርቶዶክስ ከሆነች በምስራቅ በኩል ስዕል የምታቆምበትና ፊት ለፊቱ የምትሰግድበት ወለል፣ ሙስሊም ከሆነች በቂብላ አቅጣጫ መስገጃ የሚዘረጋበት ቦታ ባዶ ይሁን፣ አልጋውን ከማቆማችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ አቅጣጫውን እዩ።

የታክስ ነገር ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። ተቀጣሪ ሆኖ ከቤት የሚሰራ ሰው የሆም ኦፊስ ቅናሽ (ቤቱን ለስራ ስለተጠቀመ ታክስ ከሚከፈልበት ገቢ ላይ የሚቀነሰውን) ፌደራል ታክሱ ላይ አይወስድም፣ ለራሱ የሚሰራ ግን፣ ሂሳብ ሰራተኛ በሉት ትራክ ነጂ፣ ቦታው ዋና የስራ ቦታው ከሆነና ለስራ ብቻ በቋሚነት ከተጠቀመበት ይችላል። ዋና ስራው ውጭ ሆኖ የስራውን ወረቀት እዛው የሚሰራና ለዚህ ሌላ ቋሚ ቦታ የሌለው ከሆነም እንደ ዋና ቦታ ይቆጠርለታል። ሙሉ ክፍል መሆን የለበትም፣ ተለይቶ የሚታወቅ ጥግ ይበቃል፣ የታክስ መስሪያ ቤቱ "ቀላሉ ዘዴ" በሚለው ስሌት ለአንድ ስኩዌር ፊት 5 ዶላር ነው፣ እስከ 300 ስኩዌር ፊት። 5 በ6 ጥግ ካላችሁ አመቱን ሙሉ ለስራ ብቻ ከዋለ 150 ዶላር ከገቢያችሁ ላይ ይቀነሳል። ዴስኩ ተንቀሳቅሶ ከወጣ የወጣባቸውን ወራት አትቁጠሩ፣ እማዬ የምትተኛበትን ጎን ደግሞ ከመጀመሪያውም ከሂሳቡ አውጡት።