«ስኬፕጎት»፦ ሳይታረድ የቀረው ፍየል

«ስኬፕጎት» በእንግሊዝኛ የሌሎች ጥፋት የሚላከክበት ሰው መጠሪያ ነው። በአማርኛ ብዙ ጊዜ «የመሥዋዕት በግ» እየተባለ ይተረጎማል፤ ነገር ግን በቃሉ ውስጥ ያለው እንስሳ በግ ካለመሆኑም በላይ፣ ከሁለት ፍየሎች መካከል ሳይታረድ የቀረው ነው።

ነገሩ የሚነሣው ከዘሌዋውያን ምዕራፍ 16 ነው። በማስተስረያ ቀን አሮን በሁለት ፍየሎች ላይ ዕጣ ይጥላል፤ ለእግዚአብሔር የወጣው ይታረዳል፤ ሌላው ግን አሮን ሁለት እጁን ጭኖበት የሕዝቡን ኃጢአት ከተናዘዘ በኋላ በሕይወቱ ወደ ምድረ በዳ ይሰደዳል። ዕብራይስጡ ይህን ሁለተኛ ዕጣ «ለዓዛዜል» ይለዋል። አንዳንድ የጥንት ተርጓሚዎች ቃሉን ለሁለት ከፍለው «ዔዝ» ፍየል፣ «ዖዜል» የሚሄድ ብለው አነበቡት፤ የላቲኑ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ቩልጌትም «ተሰዳጅ ፍየል» በሚል ስሜት መለሰው። እንግሊዛዊው ተርጓሚ ዊልያም ቲንደል አምስቱን የሙሴ መጻሕፍት ከዕብራይስጥ ተርጉሞ በ1530 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም ይህንኑ መንገድ ተከትሎ «ስኬፕጎት»፣ ማለትም «አምላጭ ፍየል» የሚል ጥምር ቃል ፈጠረ።

«ጎት» የጥንቱ እንግሊዝኛ «ጋት» ነው፤ በዚያ ዘመን ግን እንስቷን ብቻ ያመለክት ነበር። የ«ስኬፕ» ጉዞ ይረዝማል። «ኤስኬፕ» ከሚለው ግስ የተቆረጠ ሲሆን፣ በድሮው ፈረንሳይኛ በኩል «ኤክስ» እና «ካፓ» ወደሚሉት የላቲን ቃላት ያደርሳል፤ ካፓ ካባ ነው። ማምለጥ እንግዲህ በሥሩ ካባን በአሳዳጅ እጅ ጥሎ መውጣት ነው፤ ዮሴፍም ከጲጥፋራ ሚስት ያመለጠው ልብሱን ትቶላት ነበር።

ዓዛዜል የአንድ መንፈስ መጠሪያ ስም ነው ለሚሉት ትልቁ ምስክር ያለው በእኛው እጅ ነው። ሙሉው በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየው መጽሐፈ ሔኖክ፣ ሰዎችን ሰይፍ መሥራት ያስተማረው የወደቀ መልአክ አዛዝኤል ታስሮ በምድረ በዳ እንደተጣለና ኃጢአት ሁሉ በእርሱ ላይ እንዲጻፍ እንደታዘዘ ይተርካል። በኦሪቱም «ለእግዚአብሔር» ከሚለው ትይዩ «ለዓዛዜል» መባሉ ስም በስም አንጻር መቆሙን ስለሚያሳይ፣ እኔን የሚያሳምነኝ ይህኛው ንባብ ነው። በ1885 እ.ኤ.አ. የወጣው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ እርማትም ስሙን መልሶ አስገብቷል፤ የቲንደል ቃል ግን በዚያን ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ወደ ዕለት ንግግር ገብቶ ነበር።

በአማርኛ የሚቀርበው አቻ «የጦስ ዶሮ» ይመስለኛል፤ በሰው ራስ ላይ እያዞሩ «ጦስህን ይዞ ይሂድ» የሚባልባት ዶሮ፣ እንደዚያ ፍየል፣ የምትሸከመው የራሷ ያልሆነውን ነው።