አነስተኛ ገበሬ የተሻሻለች ላምና ጎሽ ለምን ይይዛል? የሕንድ ተሞክሮ

ጎሽ ሲባል ብዙዎቻችን ፊት ድቅን የሚለው የዱር አውሬው ነው። እዚህ የምናወራው ግን እንደ ላም ግቢ ታስራ ጠዋትና ማታ ስለምትታለበው፣ ከፀሐይ ይልቅ ኩሬና ጭቃ ስለምትመርጠው የእስያ የቤት ጎሽ ነው። በ2019 በተካሄደው የሕንድ የእንስሳት ቆጠራ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 192.49 ሚሊዮን የቀንድ ከብትና 109.85 ሚሊዮን ጎሽ ተመዝግቧል። ከከብቶቹ 50.42 ሚሊዮኑ የውጭ ዝርያ ወይም ዲቃላ ናቸው፤ ቁጥራቸውም ከ2012ቱ ቆጠራ በ26.9 በመቶ ከፍ ብሏል። የሀገረሰቡ ከብት በአንጻሩ በዚያው ጊዜ ቀንሷል። የእነዚህ እንስሳት ጌቶች ባብዛኛው አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ጥገት ያላቸው፣ መሬታቸው የጠበበ ወይም ከነጭራሹ መሬት የሌላቸው ቤተሰቦች ናቸው።

“ብዙ ስለምትታለብ ነው” የሚለው መልስ ልክ ነው፤ ግን አይበቃም። በአማካይ የሀገረሰብ ላም በቀን ከ3 እስከ 4 ኪሎ፣ ጎሽ 6 ኪሎ ገደማ፣ ዲቃላ ላም ደግሞ 8 ኪሎ ገደማ ትሰጣለች። ይህ የተደበቀ ምሥጢር አልነበረም። በእንግሊዞች ዘመን የጦር ሠራዊቱ የወተት እርባታዎች የአገሩን ላም ከአውሮፓ ኮርማ ጋር ያዳቅሉ ነበር፤ ነገሩ ግን ወደ ገበሬው ደጅ አልተሻገረም። ገበሬውስ በቀን 8 ኪሎ ወተት ለማን ይሸጠዋል? ቤቱ ከሚጠጣውና ከሚንጠው በላይ የሆነ ወተት በዚያ ሙቀት እስከ ማታ አይቆይም። የዝርያውን ነገር ከዚህ ጥያቄ ነጥሎ የሚያይ ሰው፣ ገበሬው “ለአዲስ ነገር ልቡ ዝግ ነው” ወደሚል የተሳሳተ ድምዳሜ ይሄዳል።

ገዢ ሲገኝ

ነገሩ መልክ የያዘው በምዕራብ ሕንድ፣ ጉጃራት ውስጥ ባለችው አናንድ ከተማ ነው። ወደ ቦምቤይ የሚላከውን ወተት የሚሰበስቡ ነጋዴዎች በፈለጉት ዋጋ ሲቀበሏቸው የመረራቸው የካይራ አውራጃ ገበሬዎች በ1946 መጨረሻ ላይ የራሳቸውን የኅብረት ሥራ ዩኒየን አስመዘገቡ። የመጀመሪያው ሊቀመንበር ትሪቡቫንዳስ ፓቴል ነበሩ፤ በ1949 ወጣቱ መሐንዲስ ቨርጊስ ኩሪየን አናንድ ደረሱ። ያኔ አንድ ጣጣ ነበር። ጎሽ በብርዱ ወራት ወተቷ ይትረፈረፋል፣ በበጋው ሙቀት ይነጥፋል። ትርፉን ወደ ዱቄት ለውጦ ማቆየት ይቻል እንደሆነ ሲጠየቅ፣ የውጭ ባለሙያዎች የጎሽ ወተት ቅባቱ ስለሚበዛ አይሆንም አሉ። የኩሪየን ባልደረባ ሃሪቻንድ ዳላያ እንደሚሆን ሠርተው አሳዩ፤ ፋብሪካውም በ1955 ተከፈተ። ከዚያ ወዲያ ዩኒየኑ “ዛሬስ በዝቶብናል” ብሎ ወተት የሚመልስበት ምክንያት አልቀረውም። እኔ እንደሚመስለኝ ከየትኛውም ምርጥ ኮርማ በላይ የዚያን አካባቢ ጎሽ ያሻሻላት ይህ ፋብሪካ ነው፤ ገበሬው ለተጨማሪ ሊትር መኖ የሚገዛው የተጨመረችው ሊትር እንደማትመለስበት ሲያውቅ ነውና።

ጠቅላይ ሚኒስትር ላል ባሃዱር ሻስትሪ በ1964 አካባቢውን ጎበኙ፤ በ1965 ብሔራዊ የወተት ልማት ቦርድ ተቋቋመ፤ ከ1970 እስከ 1996 ደግሞ “ኦፕሬሽን ፍለድ” የተባለው ፕሮግራም የአናንድን አሠራር በመላው አገሪቱ ዘረጋ። በ1950ዎቹ መግቢያ 17 ሚሊዮን ቶን የነበረው የሕንድ ዓመታዊ የወተት ምርት በ2022/23 ከ230 ሚሊዮን ቶን አልፏል። ከዚህ ግማሽ ሊሞላ ትንሽ የሚቀረው የጎሽ ወተት ነው።

የመንደሩ ወተት መሰብሰቢያ ጎህ ሲቀድ ምን እንደሚመስል እንይ። ሴቶች ክዳን ያለው የብረት ዕቃቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ተራዋ የደረሰው ወተቷን ሚዛኑ ላይ ወዳለው ባልዲ ትገለብጣለች፤ ሠራተኛው በትንሽ ጭልፋ ናሙና ቀድቶ መለኪያው ሥር ያደርጋል። ድሮ አሲድ የሚጨመርበት የመስታወት ቱቦ ነበር፤ አሁን ማሽኑ በጥቂት ሰኮንዶች ቅባቱን አንብቦ ወረቀት ይተፋል። ወረቀቱ ላይ ኪሎው፣ ቅባቱና ብሩ፣ ማለትም ሩፒው፣ ሰፍሯል። ቀድሞ አናንድ ውስጥ የጠዋቱ ወተት ማታ፣ የማታው ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ይከፈል ነበር። እህል በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ነው ብር የሚያመጣው። ልጅ የታመመበት ወይም የትምህርት ቤት ክፍያ የደረሰበት ቤት ይህችን ወረቀት እንዴት እንደሚያያት መገመት አያቅትም።

ጎሽ ወይስ ዲቃላ?

ያቺ ወረቀት የዝርያ ምርጫውንም ትወስናለች። የጎሽ ወተት ቅባቱ 7 በመቶ ገደማ ነው፤ የላም 4 ገደማ። ለሒሳቡ ያህል፣ ማኅበሩ ለአንድ የቅባት ነጥብ 8 ሩፒ ይከፍላል እንበል። አንድ ሊትር የጎሽ ወተት 56 ሩፒ፣ አንድ ሊትር የላም ወተት 32 ሩፒ ያወጣል። 6 ሊትር የሰጠችው ጎሽ 336፣ 8 ሊትር የሰጠችው ዲቃላ 256 ሩፒ አስገቡ ማለት ነው። ቅባቱ ብቻ ሳይሆን ፕሮቲኑ፣ ላክቶሱና ማዕድኑም በሚታሰብበት ቦታ ልዩነቱ ይጠባል፤ ላሟም ትወደዳለች። ስለዚህ የአንድ ወረዳ ገበሬ ለምን ጎሽ እንደሚያበዛ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ የማኅበሩን የዋጋ ሠንጠረዥ ቢያይ ይሻለዋል።

“ማሻሻል” የሚለው ቃል ራሱ ለሁለቱ እንስሳት አንድ ትርጉም የለውም። ጎሽ ከላም ጋር አትዳቀልም፤ የወንዝ ጎሽ የሚባለው የሕንዱ የወተት ጎሽ 50፣ ላም ደግሞ 60 ክሮሞዞም (ዘር ተሸካሚ ክር) አላቸው። ለጎሽ የሚመጣላት ባዕድ ደም ስለሌለ፣ መሻሻሏ ከራሷ ወገን ነው። ከሁሉ ስሟ የገነነው የሃርያና ግዛቷ ሙራ ናት፤ እንደ ከሰል የጠቆረች፣ ቀንዷ እንደ ቀለበት የተጠቀለለ። የአገሬው ሰው “ጥቁር ወርቅ” ይላታል። ገበሬው ተራ ጎሹን በሙራ ኮርማ ያስጠቃና የምትወለደውን ጊደር ደግሞ በሌላ ሙራ ያስጠቃል። የሙራው ደም በመጀመሪያው ትውልድ ግማሽ፣ በሁለተኛው ሦስት አራተኛ፣ በሦስተኛው 87.5 በመቶ ይደርሳል። ነገሩ አዝጋሚ ቢሆንም አያስደነግጥም፤ አያያዙ፣ መኖው፣ በሽታው ሁሉ ገበሬው ከአባቱ የወረሰው ነው።

ዲቃላዋ ላም ግን ዝላይ ናት። ሆልስቲንና ጀርሲ የሚባሉት የአውሮፓ የወተት ላሞች ደም ግማሽ በግማሽ ሲገባ የመጀመሪያው ትውልድ ከሁለቱም ወገን ጥንካሬ ያገኛል። የሀገረሰቧ ጊደር አራት ዓመት አካባቢ ቆይታ የምትወልደውን፣ ዲቃላዋ ሁለት ዓመት ተኩል ወይም ሦስት ዓመት ላይ ትወልዳለች። ለእኔ ከወተቱ ብዛት እኩል የሚከብደው ይህ ነው። ወተት ሳትሰጥ የምትበላ ጊደርን ተጨማሪ ዓመት መቀለብ ለድሃ ቤት ቀልድ አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ዲቃላዎቹ እርስ በርስ ሲጠቃቁ ነው፤ የመጀመሪያው ትውልድ ብርታት ይቀንሳል፣ ልጆቹም አንዷ እንዲህ ሌላዋ እንዲያ ይሆናሉ። የውጭው ደም በጣም ሲበዛ ደግሞ ሙቀቱ ያሸንፋታል፣ መዥገር የሚያመጣው ቲሌሪያ የሚባል በሽታም ይጥላታል። ለዚህ ነው ሕንድ ውስጥ የውጭውን ደም ከ50 እስከ 62.5 በመቶ ባለው ላይ የማቆም ምክር የተለመደው። ካርናል ያለው ብሔራዊ የወተት ምርምር ተቋም ካራን ፍሪስና ካራን ስዊስ የተባሉትን ዲቃላ ዝርያዎች ያወጣው፣ ኬረላ ውስጥ በ1963 በተጀመረው የሕንድና የስዊዘርላንድ ፕሮጀክት ሱናንዲኒ የተባለችው ዲቃላ ዝርያ የተገኘችው በዚህ ፍለጋ ነው። (ጊር የምትባለው የጉጃራት ላም በተቃራኒው ባሕር ተሻግራ ብራዚል ውስጥ ከሆልስቲን ጋር ተዳቅላ ጂሮላንዶን ወልዳለች።)

ወንዱ ጥጃ

ስለ ወተት ብቻ ሲወራ የሚረሳው የወንዱ ጥጃ ነገር ነው። ላም ትያዝ የነበረው በሬ እንድትወልድ ጭምር ነበር፤ ወተቱ እንደ ምርቃት ነበር። ትራክተር በየመንደሩ ሲገባ የበሬ ዋጋ ወረደ። የዲቃላ ወይፈን ሻኛው አጭር ስለሆነ ለቀንበር አይመችም፣ ሙቀትም አይችልም የሚለው የቆየ ተቃውሞ አብሮ ሟሸሸ። በሬ የማያስፈልገው ቤት ለወተት ብቻ መምረጥ ቻለ።

አዲስ ጣጣ ግን ተተካ። በብዙዎቹ የሕንድ ግዛቶች ላም ማረድ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ማሃራሽትራ በ2015 ክልከላውን ወደ በሬና ኮርማ አስፍታለች። ያረጀች ወይም መሲና የሆነች ላም የሚገዛ የለም፤ መቀለብ ያቃተው ይለቃታል፤ የሰሜን መንደሮች ማሳቸውን ከባለቤት አልባ ከብት ሌሊት ሲጠብቁ ያድራሉ። ጎሽ ግን በብዙ ቦታ ከክልከላው ውጪ ናት። ወተቷ ሲያልቅም ዋጋ አላት፤ ሕንድ የጎሽ ሥጋ በብዛት ወደ ውጭ ከሚልኩ አገሮች አንዷ ናት። እንግዲህ ከ10 ዓመት በኋላ ዋጋ የሌላት ላምና ዋጋ ያላት ጎሽ ፊቱ ቀርበው “ምረጥ” የተባለ ገበሬ ምን እንደሚያደርግ ግልጽ ነው። ስለ ወተት መጠን ብቻ የሚያስተምር ባለሙያ ይህን ሒሳብ አያነሳውም፤ ገበሬው ግን ከእሱ ነው የሚጀምረው።

የአዳቃዩ ሞተር ብስክሌት

የተሻሻለ ደም ለአንድ ላም ባለቤት የሚደርሰው ኮርማ ሆኖ አይደለም፤ ኮርማ መቀለብ አቅሙ አይደለም። የሚደርሰው በ196 ዲግሪ ሴልሺየስ ከዜሮ በታች በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ በተቀመጠች፣ የኮርማ ዘር በያዘች ቀጭን ቱቦ ነው። ማኒባይ ዴሳይ በ1967 በማሃራሽትራ ያቋቋሙት ባይፍ የተባለው ድርጅት አገልግሎቱን ከጣቢያ አውጥቶ ወደ ገበሬው ደጅ በመውሰዱ ይታወቃል። ላም እየጎተቱ ኪሎ ሜትሮች መሄድ ቀርቶ አዳቃዩ በሞተር ብስክሌት መጣ።

ሁልጊዜ ግን አይይዝም። ላም ኮርማ የምትፈልገው በየ21 ቀኑ፣ ያውም ለሰዓታት ነው። አዳቃዩ ቢዘገይ፣ ናይትሮጅኑ ቢጎድል ወይም ምልክቱ ባይታይ 21 ቀን ተቃጠለ፤ ሦስቴ ከከሸፈ 63 ቀን የነጠፈች ጥገት በባዶ መቀለብ ነው። የጎሽ ደግሞ ይብሳል። በሙቀቱ ወራት ኮርማ ብትፈልግም አትጮህም፣ አትዘልም፤ ብዙ ጊዜ ምልክቷ የሚታየው ማታ ወይም ንጋት ላይ ነው። እንዲህ ሦስት አራቴ የተጫወቱበት ገበሬ “ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ” ብሎ ወደ ጎረቤቱ ተራ ኮርማ ቢመለስ አይፈረድበትም። አሁን አሁን የተለየ ተስፋ ያመጣው ሴት ጥጃ እንዲወለድ ጾታው አስቀድሞ የተመረጠ የኮርማ ዘር ነው፤ ከሚወለዱት 90 በመቶ ያህሉ ሴት ይሆናሉ። የወንዱ ጥጃ ጣጣ ከሥሩ የሚቀለው ምናልባት በዚህ ነው።

ገንዘብ ያለው ደግሞ ከገበያ ገዝቶ ይገባል። ጎሽ የሚገዛ ሰው ቀንዷንና ቆዳዋን ካየ፣ ከግቷ ሥር ወደ ሆዷ የሚሄደውን የደም ሥር በጣቱ ከተከተለ በኋላም ገንዘቡን አያወጣም። ሻጩ ግቷ እንዲወጠር ሳያልባት አሳድሮ ሊሆን ስለሚችል የመጀመሪያውን አለባ ከቁጥር አያስገባውም። እዚያው ያድራል፤ ቀጣዮቹን ሁለት አለባዎች ራሱ ቆሞ ያስመዝናል፤ ከዚያ በኋላ ነው ድርድሩ።

መኖና ጉልበት

ፑንጃብና ሃርያና የተሻሻለ ከብት የበረከተባቸው ያለ ነገር አይደለም። መስኖ አለ፤ ስንዴው ጭድ ይሰጣል፤ በብርዱ ወራት በርሲም የሚባለው ለምለም መኖ ይታጨዳል። ጎሽ ሻካራ ገለባ ከላም በተሻለ ትጠቀማለች። ዲቃላዋ ፉርሽካና ፋጉሎ ካላገኘች 8 ኪሎዋ ወሬ ሆኖ ይቀራል። በደረቁ ራጃስታን የታርፓርካር ላሙን ይዞ የቀረ ገበሬ ኋላ ቀር አይደለም፤ ድርቅ የምታልፍ ላም ይዟል። መንግሥትም በ2014 መጨረሻ ላይ የሀገረሰብ ዝርያዎችን ለመንከባከብ ራሽትሪያ ጎኩል ሚሽን የተባለውን ፕሮግራም ጀምሯል።

ሣር የምታጭደው፣ እበት የምትጠርገው፣ የምታልበው ባብዛኛው ሴት ናት። ዲቃላ ላም ከገባች ማጨዱ፣ ማጠጣቱና ማጠቡ ይበዛል፤ ብሩ በባል ስም ወደ ባንክ ሲገባ ጉልበቱ የእሷ፣ ደብተሩ የእሱ ይሆናል። ክፍያው በቀጥታ በእጇ በሚገባበት መንደር ሁለተኛ ጥገት ለመጨመር የመጀመሪያዋ እሷ ብትሆን አይገርምም።

ብዙ ቤት በመጨረሻ አንዱን ጥሎ ሌላውን አያነሳም፤ ዲቃላ ላምና ሙራ ጎሽ ጎን ለጎን ያስራል። ጎሿ ባብዛኛው ከዝናቡ ወራት እስከ ብርዱ ባለው ጊዜ ወልዳ በሙቀቱ ትነጥፋለች፤ ላሟ ወቅት አትመርጥም። ጎሿ ስትነጥፍ የላሟ ወተት መሰብሰቢያው ላይ ወረቀት ማስወጣቱን ይቀጥላል፤ ጎሿ ስትወልድ ደግሞ ለቤት የሚነጠረው ቅቤ ከእሷ ይመጣል።