ታዳጊ ልጆቻችንና የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት፦ ከወላጆች የምሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የምሠራው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከዋሽንግተን ብዙም በማይርቅ አንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ የታዳጊዎች ክፍል ነው። ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት ሲለቀቅ ክፍሉ ይሞላል። ከሚገቡት መካከል የእኛ ልጆች አሉ፤ እዚሁ የተወለዱም፣ ዓምና ካቻምና ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር፣ ከደሴ የመጡም። ወላጆቻቸው በር ላይ ሲያገኙኝ በአማርኛ የሚነግሩኝ ስጋት ከዓመት ዓመት ያው ነው። ስጋቱ ከፍቅር የመጣ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ልጁን ከመጽሐፍ ሲያርቀው ደጋግሜ ስላየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም። የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ በኢትዮጵያ ሲሆን እገልጻለሁ።

«‹ያንግ አደልት› የአዋቂ መጽሐፍ ነው፤ ልጄ እዚያ ምን ትሠራለች?»

አንድ አባት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጁን ክንዷን ይዞ ከመደርደሪያው ሲያርቃት አይቻለሁ። ያስደነገጠው በመጽሐፎቹ ላይ የተለጠፈው «አደልት» የሚል ቃል ነበር። አልፈረድኩበትም። አገራችን ውስጥ ወጣት የሚባለው ሰፊ ነው፤ በ2004 የወጣው የኢትዮጵያ የወጣቶች ፖሊሲ ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ሁሉ ወጣት ይለዋል። አሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ግን «ያንግ አደልት» (ወጣት አዋቂ) ተብሎ የሚጠራው መጽሐፍ በአብዛኛው ከ12 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች የተጻፈ ነው። ባለታሪኩ በእነሱ ዕድሜ ያለ ነው፤ የሚያስጨንቀውም የእነሱ ጭንቀት ነው፦ ጓደኝነት፣ ትምህርት ቤት፣ ከቤተሰብ ጋር አለመግባባት፣ ማንነት።

ነገር ግን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አንድ አይደሉም። ለትልልቆቹ ከተጻፉት ውስጥ ስለ ሞት፣ ስለ ሱስ፣ ስለ መጀመሪያ ፍቅር በግልጽ የሚያወሩ አሉ። ስለዚህ አባትየው ልጁን ይዞ ከሚሄድ «ይህ ለስንት ዓመት ልጅ ይሆናል?» ብሎ ቢጠይቅ ይሻለው ነበር። ይህን መመለስ ሥራችን ነው፤ ማንም አይቀየምም።

«ሥዕል የበዛበት ነገር መጽሐፍ አይባልም»

እዚህ ላይ ረዘም ልበል፤ ብዙ ልጅ የሚጠፋው በዚህ ነውና። ልጁ ማንጋ የሚባለውን የጃፓን የሥዕል ታሪክ ወይም በሥዕል የተተረከ ልብወለድ ይዞ ይመጣል፤ እናቱ «ይህን የሕፃን ነገር መልስና ቁም ነገር ያለው ውሰድ» ትለዋለች። ልጁ ይመልሳል። ቁም ነገር ያለውን ግን አይወስድም፤ ባዶ እጁን ይወጣል።

በአሜሪካ ለታዳጊዎች ከተጻፉ መጻሕፍት ለላቀው በየዓመቱ የሚሰጥ የፕሪንዝ ሽልማት የሚባል አለ፤ መሰጠት የጀመረው በ2000 ነው። በ2007 ያሸነፈው በሥዕል የተተረከ ልብወለድ ነበር፤ ታሪኩም የቻይና ስደተኞች ልጅ በትምህርት ቤቱ ስለሚገጥመው ነገር ነው። በ2020 ደግሞ ለልጆች መጻሕፍት የሚሰጠውን አንጋፋውን የኒውበሪ ሽልማት በሥዕል የተተረከ መጽሐፍ ወሰደ። ሸላሚዎቹ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ናቸው፤ መጽሐፍ የሚመዝኑት በሥዕሉ ብዛት ወይም ማነስ አይደለም።

ከአገር ቤት በቅርቡ ለመጣ ልጅ ጥቅሙ እጥፍ ነው። የእንግሊዝኛ ገጽ ከዳር እስከ ዳር በፊደል ተሞልቶ ሲያየው ደረቱ ይጨነቃል። ሥዕሉ ግን ያላወቀውን ቃል ትርጉም ያቀብለዋል፤ የሰዎቹ አነጋገርም በክፍል ጓደኞቹ አፍ የሚሰማው ዓይነት ነው። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ክረምቱን ሙሉ አንድ ተከታታይ ማንጋ ሲያነብ ከረመ። መጀመሪያ በየገጹ ቃል ይጠይቀኝ ነበር፤ ወደ መጨረሻው የሚጠይቀኝ ቀጣዩ ቅጽ መቼ እንደሚገባ ብቻ ሆነ።

ቀላል መጽሐፍ ሰውን የት እንደሚያደርስ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ከትምህርት ቤት ውጭ መጽሐፍ ተውሶ ያነበበው በ19 ዓመቱ ነው፤ መጽሐፉም ቀለል ያለ የፍቅር ልብወለድ ነበር። ያ ልጅ አድጎ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ባለሙያ ሆነ፤ በኋላም ወደ አገሩ ተመልሶ በ2003 አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፤ ሐዋሳ ላይም በአህያ ጋሪ መጻሕፍት ለልጆች አዳረሰ። ያን የመጀመሪያ መጽሐፍ አንድ ሰው «ይህ ቁም ነገር የለውም» ብሎ ቢነጥቀው ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አንዳንዴ አስባለሁ።

«ማዳመጥ ማንበብ አይደለም»

ይህን የምትለኝ በእኔ ዕድሜ ያለች እናት ከሆነች ወጋየሁ ንጋቱን አስታውሳታለሁ። «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ፤ ስንቱ ሰው ግን ከበዛብህና ከሰብለ ወንጌል ጋር የተዋወቀው ወጋየሁ በሬዲዮ ሲተርከው ነው! መጽሐፉን ገዝተው ያነበቡትም ብዙዎቹ ድምፁ አሁንም በጆሯቸው አለ። ታዲያ ልጁ የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ በሚያውሰው በሊቢ አፕ በስልኩ በነፃ መጽሐፍ ሲያዳምጥ ምን ስህተት ሠራ? እንግሊዝኛ ገና ለሚለምድ ልጅ የምመክረው ደግሞ ሁለቱን በአንድ ላይ ነው፤ ጆሮው እየሰማ ዓይኑ ገጹን ይከተል።

«ባለሙያ አይደላችሁ? ጥሩ መጽሐፍ ምረጡለትና ያንብብ»

እናት ከልጇ ጋር ትመጣለች። ልጁን «ምን ዓይነት ታሪክ ደስ ይልሃል?» ስለው እናት ትመልሳለች፦ «ሳይንስ ነው የሚወደው፤ ሐኪም ነው የሚሆነው።» ልጁ ጫማውን ያያል። በትህትና «እስቲ እሱ ይንገረኝ» ማለት አለብኝ፤ ይህም ለእኔ ቀላል አይደለም፣ በባህላችን ወላጅ ሲናገር አይቋረጥምና። ግን የመጽሐፍ ምርጫ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በቅርቡ ሳያቋርጥ ያየውን ፊልም ወይም የተጫወተውን ጌም እጠይቀዋለሁ። ከዚያም ምኑን እንደወደደው፦ ፍጥነቱን? ሳቁን? ሰዎቹን? ፍርሃቱን? መልሱን ይዤ ሦስት አራት መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ አደርግለትና የእያንዳንዱን የመጀመሪያ ገጽ እንዲያነብ ትቼው እሄዳለሁ። ሁሉንም ቢተዋቸው ቅር አይለኝም፤ የማይወደውን ማወቅም መረጃ ነው።

ይህ ሙያ የቆየ ነው። በዚሁ በሜሪላንድ፣ ባልቲሞር ውስጥ ማርጋሬት ኤድዋርድስ የምትባል ባለሙያ ነበረች፤ በ1940ዎቹ ወደ ቤተ መጻሕፍት ለማይመጡ ሰዎች መጻሕፍት በፈረስ ጋሪ ጭና ሰፈር ለሰፈር ትዞር ነበር። የዮሐንስን የሐዋሳ ጋሪ ባሰብኩ ቁጥር እሷ ትዝ ትለኛለች። ከወጣቶች ጋር እንዲሠሩ የምታሠለጥናቸውን ሠራተኞች በመጀመሪያ 300 መጽሐፍ እንዲያነቡ ታደርግ ነበር። ሦስት መቶ መጽሐፍ ያስፈለገው «ምርጥ» የሚባል አንድ መጽሐፍ ስለሌለ ነው፤ የሚለየው ለየትኛው ልጅ የሚለው ነው። ዛሬም በአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር ሥር «ቲንስ ቶፕ ቴን» (የታዳጊዎች ምርጥ አሥር) የሚባል ዓመታዊ ዝርዝር አለ፤ የሚያጩትም ድምፅ የሚሰጡትም ታዳጊዎቹ ራሳቸው ናቸው። ከየት ልጀምር ለሚል ወላጅ መጀመሪያ የማሳየው እሱን ነው።

ማንበብ የማይወድ ለሚባል ልጅ ደግሞ በግጥም የተጻፉ ልብወለዶች አሉ። መስመሩ አጭር ነው፣ ገጹ አየር አለው፣ ታሪኩ ግን ሙሉ ነው፤ ስለ ቅርጫት ኳስ፣ ስለ ሩጫ፣ ስለ ቤተሰብ። ልጁ በሁለት ቀን ጨርሶ ይመጣና ወፍራም መጽሐፍ እንደጨረሰ ሰው ደረቱን ነፍቶ ያስቀምጠዋል። እውነተኛ ታሪክ ለሚወድ፣ ለአዋቂ የተጻፉ መጻሕፍት ለታዳጊ ተቀንሰውና ቀለል ተደርገው የወጡ እትሞች አሉ። አንድ ነገር ግን እለምናለሁ፤ ልጁ ስደተኛ ስለሆነ ስለ ስደት ብቻ እንዲያነብ አይገደድ። ስለ ዘንዶና ስለ ጠፈር ማንበብም መብቱ ነው።

ጀምሮ መተውንም እንደ ነውር አንየው። ሃያ ሠላሳ ገጽ ካልያዘው ይመልሰው። ገንዘብ አላወጣበትም።

«እዚያ ሄደው የሚጫወቱት ጨዋታ ነው፤ ጊዜ ማባከን»

ጨዋታ አለ፤ አልክድም። ቼዝ አለ፣ የአኒሜ (የጃፓን የካርቱን ፊልም) ክበብ አለ፣ በጠረጴዛ ዙሪያ ሰዓታት የሚወስድ የተረት ጨዋታም አለ። በዚህ በመጨረሻው ጨዋታ ልጆቹ መቶ ገጽ የሚያልፍ የጨዋታ ሕግ መጽሐፍ ማንም ሳያዛቸው ያነባሉ፣ ታሪክ በአፋቸው ይፈጥራሉ፣ ይከራከራሉ። በክፍል ውስጥ አፏን የማትከፍት ልጅ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ትእዛዝ ስትሰጥ ሰምቻለሁ።

ከጨዋታው ሌላም ብዙ አለ። ቺካጎ በ2009 በዋናው ቤተ መጻሕፍቷ ውስጥ ለታዳጊዎች ብቻ የሚሆን፣ ሙዚቃ የሚቀረጽበትና ቪዲዮ የሚሠራበት ቦታ ከፈተች፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ከተሞች ተከትለዋታል። ዋሽንግተን መሀል ያለው የማርቲን ሉተር ኪንግ ቤተ መጻሕፍት በ1972 የተከፈተ ሕንፃ ነው፤ ታድሶ በ2020 ሲከፈት የታዳጊዎች ክፍል፣ የድምፅ መቅረጫ ስቱዲዮና የእጅ ሥራ ክፍል ይዞ ነው የመጣው። የሲያትል ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ከትምህርት ቤት በኋላ ለተማሪዎች የቤት ሥራ በነፃ የሚያግዙ ሰዎች ያስቀምጣል። ማታ ከሥራ ደክሞ ገብቶ ከአልጀብራ ጋር ለሚታገል ወላጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለሜሪላንድ ወላጆች በተለይ፦ ልጃችሁ ሃይስኩል ለመጨረስ 75 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ያስፈልገዋል፤ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ 100 ሰዓት ነው። ብዙ ልጆች ሰዓቱን የሚሞሉት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በማገልገል ነው። ቦታው ቶሎ ስለሚሞላ፣ ሰዓቱ እንደሚመዘገብላቸውም ማረጋገጥ ስለሚገባ፣ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳትጠብቁ ቀድማችሁ ጠይቁ።

የታዳጊዎች አማካሪ ቡድንም አለ፤ የትኛው መጽሐፍ ይገዛ፣ ምን ዝግጅት ይደረግ ብለው ልጆቹ የሚመክሩበት። እኛ ጋ የቡድኑ አባላት የወደዱትን መጽሐፍ በሦስት መስመር ያወድሱና ካርዱን ከመደርደሪያው ላይ ይለጥፋሉ። እነሱ ካርድ የለጠፉለት መጽሐፍ እኔ ከመከርኩት ቀድሞ ይወጣል።

«ቅጣት ይመጣብናል፤ ወረቀት ይጠይቁናል»

መጽሐፍ በማዘግየት የሚከፈል ቅጣት በብዙ ከተማ ቀርቷል። ሳን ፍራንሲስኮና ቺካጎ በ2019፣ ሲያትል በ2020፣ ኒው ዮርክ በ2021 አስቀርተውታል። የጠፋ መጽሐፍ ግን አሁንም ሊያስከፍል ይችላል። ካርድ ለማውጣት በአብዛኛው የሚጠየቀው የምትኖሩበትን አድራሻ የሚያሳይ ነገር ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዳችሁ ጉዳይ አይደለም።

«ላይብረሪ ካለ ልጄ ተጠብቋል»

ይህ ተቃራኒው ስህተት ነው፤ ከልክ ያለፈ መተማመን። ቤተ መጻሕፍት ለማንኛውም ሰው ክፍት የሆነ ቦታ ነው። ልጁ ቢወጣ አናስቆመውም፤ በመዝጊያ ሰዓት መምጣት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። «ምን እያነበበ እንደሆነ ንገሪኝ» የሚሉኝም አሉ። የመጽሐፍ ተዋሾችን መዝገብ በምስጢር መያዝ የሙያችን ግዴታ ነው፤ የአብዛኞቹ ግዛቶች ሕግም ይህን ያዛል። ለወላጅ የሚፈቀደው ከቦታ ቦታ ይለያያል። እኔ የማየው ግን መዝገብ ከማስከፈት ይልቅ በመኪና ውስጥ «ያ መጽሐፍ ምን ላይ ደረሰ?» ብላ የምትጠይቅ እናት የበለጠ እንደምታውቅ ነው።

«አማርኛ እዚያ ቦታ የለውም»

ዮሐንስ ሳን ፍራንሲስኮ እየሠራ ለልጆች የሚሆኑ የአማርኛ መጻሕፍት ፈልጎ ባለማግኘቱ ነው ራሱ ለመጻፍ የተነሣው። ዛሬ የእኛ ሰው በብዛት በሚኖርባቸው ከተሞች የአማርኛ መደርደሪያ ማግኘት ይቻላል፤ መደርደሪያው የሚያድገው ግን መጽሐፍ ሲወጣበት ነው። የማይነካ መጽሐፍ ውሎ አድሮ ከመደርደሪያ ይነሣል። የፈለጋችሁት ከሌለ የግዢ ጥያቄ ቅጽ አለ፤ ርዕሱን፣ ደራሲውንና ቋንቋውን ሞልታችሁ ስጡን። ሁሉም አይገዛም፤ ያልተጠየቀው ግን የመገዛት ዕድሉ ጠባብ ነው።

እኛ ጋ እንዲህ ቅጽ ከሞሉት መካከል አንዲት አያት ነበሩ፤ የጠየቁት የልጆች ተረት ተገዝቶ መጣ። የአሥራ አንደኛ ክፍል የልጅ ልጃቸው ለአገልግሎት ሰዓቷ ቅዳሜ ጠዋት ተረቱን ለትንንሾቹ በአማርኛ ለማንበብ ተመዘገበች። ፊደሉን ገና እየቆጠረች ስለሆነ ሳምንቱን ሙሉ ሁለት ገጽ ታጠናለች። አያቷ ከፊት ረድፍ ተቀምጠው ያዳምጧታል፤ «ጸ» እና «ጠ» ሲምታቱባት ብቻ ጣታቸውን ከፍ ያደርጋሉ።