ፍሎት የተደረገ ፎቶ ከሳጥኑ እንዳይወጣ

ፍሎት በሲኤስኤስ (የዌብ ገጽ መልክ የሚጻፍበት ቋንቋ) አንድን ነገር ግራ ወይ ቀኝ አስጠግቶ ጽሑፉ በጎኑ እንዲያልፍ ማድረጊያ ነው፣ ከመጀመሪያው ሲኤስኤስ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ጣጣው፣ ፍሎት የሆነ ነገር ከመደበኛው አሰላለፍ ስለሚወጣ የያዘው ሳጥን ቁመቱን ሲያሰላ አይቆጥረውም፤ ውስጡ ያለው ሁሉ ፍሎት ከሆነማ ቁመቱ ዜሮ ነው፣ የባክግራውንድ ከለሩም ይጠፋል።

ጎንደር የሆቴል ወይ የአስጎብኚ ዌብሳይት ለሚሰራ ሰው ይሄ ቶሎ ነው ሚመጣው፣ የፋሲል ግንብ ፎቶ በግራ፣ ማብራሪያው በቀኝ፣ ዙሪያውን ቦርደር። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ረዘም ብሎ ከፎቶው በታች ከወረደ ሳጥኑም አብሮ ስለሚወርድ ማንም ምንም አያይም። አማርኛው ገጽ ላይ ግን ጽሑፉ ሶስት መስመር ላይ ያልቅና ቦርደሩ እዛው ይዘጋል፣ ግንቡ ግማሹ ውጪ ቀርቶ ቀጥሎ ያለውን የጥምቀት ፕሮግራም ወደ ጎን ይገፋዋል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሀይት (ቁመት) 300 ፒክስል ብሎ ይገላገላል፣ ግን ጽሑፉ ስልክ ላይ ሲረዝም ከሳጥኑ ያልፋል፣ መፍትሄ አይደለም።

ድሮ መጨረሻ ላይ ክሊር ቦዝ (ከፍሎቶቹ በታች ውረድ የሚል ትእዛዝ) ያለበት ባዶ ዲቭ፣ ማለትም ባዶ ሳጥን፣ ይጨመር ነበር። ከዛ ያንኑ ስራ በአፍተር (ሲኤስኤሱ ራሱ ሳጥኑ መጨረሻ ላይ በሚጨምረው ነገር) የሚሰራው ክሊርፊክስ የሚባል ኮድ መጣ፣ የዌብ ፕሮግራመሩ ኒኮላስ ጋላገር በ2011 እ.ኤ.አ. ያሳጠረው ዛሬም አሮጌ ቴምፕሌቶች ውስጥ አለ። ኦቨርፍሎው ሂደንም ይሰራል፣ የሚሰራው ሳጥኑን የራሱ ብሎክ ፎርማቲንግ ኮንቴክስት (ከውጪው የተለየ የውስጥ አሰላለፍ) ያለው ስለሚያደርገው ነው፣ እንዲህ ያለ ሳጥን ደሞ ፍሎቶቹን ቁመቱ ውስጥ ይቆጥራል። ጉዳቱ የሚወጣውን ሁሉ መቁረጡ ነው፤ የቋንቋ መምረጫው ድሮፕዳውን እዛ ሳጥን ውስጥ ካለ ግማሹ ይቆረጣል፣ የፎቶው ሻዶውም እንደዛው።

አሁን ትክክለኛው ዲስፕሌይ ፍሎው-ሩት ነው፣ ክሮምና ፋየርፎክስ ላይ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሰራል፣ ሳፋሪ ትንሽ ዘግይቶ ነው የተቀበለው። ምንም አይቆርጥም፣ አንድ መስመር ነው በቃ። ብቻ የውስጡ ማርጂን (ከነገሩ ውጪ የሚተወው ክፍተት) ከሳጥኑ ማርጂን ጋር መዋሃዱን ስለሚያቆም ከላይና ከታች ያለው ክፍተት ሊሰፋ ይችላል፣ ያ ብዙ ሰው ያደናግራል።

ገጹን በኮለም ለመከፋፈል ከሆነማ ፍሎት ድሮ ቀርቷል፣ ለዛው የተሰሩት ፍሌክስና ግሪድ አሉ፣ እንደውም ሳጥኑ ፍሌክስ ከሆነ በቀጥታ ውስጡ ያሉት ነገሮች ላይ ፍሎት ቢጻፍም ምንም አያደርግም።