ታይሚንግ ካቴና በግቢ ውስጥ መቀየር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከእንግዲህ ወደ አገር ውስጥ እንደማይገቡ ካስታወቀ ወዲህ፣ በከተማው ያሉት ቪትዞችና ያሪሶች ከታሰበላቸው ዕድሜ በላይ እንዲያገለግሉ ግድ ሆኗል። ስለዚህም ዕቃውን ከሶማሌ ተራ ገዝተው በልደታ ወይም በተክለ ሃይማኖት ግቢያቸው ውስጥ የሞተሩን ታይሚንግ ካቴና (በፒስተኖቹ የሚዞረውን ክራንክ ሻፍት ቫልቮቹን ከሚከፍተው ካም ሻፍት ጋር አስተሳስሮ የሚያዞረውን የብረት ሰንሰለት) ራሳቸው ለመቀየር የሚነሱ ባለመኪናዎች አልጠፉም። ሥራው ትዕግሥት ላለውና የአምራቹን የጥገና መመሪያ ለያዘ ሰው የማይሞከር አይደለም፤ አስቸጋሪው ነገር ከየአቅጣጫው የሚሰጠው ምክር ነው።

«ካቴና ዕድሜ ልኩን አይቀየርም»

ይህ እምነት የመነጨው ካቴናን ከቺንጋ (ያንኑ ሥራ ከሚሠራው የጎማ ቀበቶ) ጋር ከማነጻጸር ይመስላል። በዶልፊን ሚኒባሶች ላይ የሚገኙት የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች በቺንጋ ስለሚሠሩ ቺንጋው በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል፤ ጊዜው ሲደርስ በዳሽቦርዱ ላይ የሚበራ መብራት ያላቸውም አሉ። ለካቴና ግን እንዲህ ያለ አስታዋሽ ስላልተሠራለት የማያልቅ ዕቃ ተደርጎ ይወሰዳል። ካቴና «ረዘመ» የሚባለው ብረቱ ስለተለጠጠ ሳይሆን አንጓዎቹን የሚያያይዙት ፒኖች ስለሚበሉ ነው፤ በአንዱ አንጓ ላይ ያለው ክፍተት ከቁጥር የማይገባ ቢሆንም፣ ከመቶ በላይ በሆኑ አንጓዎች ላይ ሲደመር ካም ሻፍቱን ከክራንክ ሻፍቱ ወደኋላ ያስቀረዋል። ፒኖቹን ቶሎ የሚበላቸው በአብዛኛው በወቅቱ ያልተቀየረ ዘይት ነው። ከሜክሲኮ እስከ ፒያሳ በመንገድ መጨናነቅ ቆሞ የሚያረፍድ ሞተር ቆጣሪው ሳይንቀሳቀስ ይሠራልና፣ የዘይት መቀየሪያ ጊዜን በኪሎ ሜትር ብቻ ማስላት ለአዲስ አበባ መኪና አያዋጣም።

«ወፍራም ዘይት የካቴናውን መንኳኳት ያጠፋዋል»

ካቴናውን ወጥሮ የሚይዘው ቴንሽነር በአብዛኞቹ ሞተሮች የሚገፋው በዘይት ግፊት ነው። አምራቹ ካዘዘው የወፈረ ዘይት በኅዳርና በታኅሣሥ ቀዝቃዛ ጠዋቶች ቴንሽነሩ ጋ ለመድረስ ይዘገያል፤ ድምፁ ሊጠፋ ይቅርና ካቴናው ሳይወጠር የሚሠራበት ጊዜ ይረዝማል።

«ካቴናው ብቻ ከተቀየረ ይበቃል»

አይበቃም። ካቴናው የሚዞርበት ባለጥርስ ጊር ተበልቶ ከሆነ አዲሱን ካቴና በአጭር ጊዜ ያበላሻል፤ ፕላስቲክ መሪዎቹና ቴንሽነሩም ከካቴናው እኩል አርጅተዋል። አሮጌውን ቴንሽነር መልሶ በመግጠም የሚተርፈው ገንዘብ፣ ሞተሩን ዳግም ለመክፈት ከሚወጣው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

«ሞተሩ በእጅ ሲዞር ባለቀለም አንጓዎቹ ከምልክቱ ከሸሹ ሥራው ተበላሽቷል»

ጀማሪን እንደዚህ የሚያስደነግጥ ነገር የለም፤ በትክክል የተገጠመን ካቴና ፈትተው እንደገና የሚጀምሩም በዚህ የተነሳ ነው። በካቴናው ላይ ያሉት ባለቀለም አንጓዎች በጊሮቹ ላይ ካሉት ምልክቶች ጋር የሚገጣጠሙት ካቴናው ሲገባ ነው፤ የሚያስፈልጉትም ለመግጠሚያ ብቻ ነው። ለምሳሌ የክራንኩ ጊር 18፣ የካሙ ጊር 36 ጥርስ፣ ካቴናው ደግሞ 122 አንጓ ቢኖረው፣ ክራንኩ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካሙ አንድ ጊዜ ይዞርና የጊሮቹ ምልክቶች ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ፤ ካቴናው ግን የተጓዘው 36 አንጓ ብቻ ስለሆነ ቀለሙ ሌላ ቦታ ይገኛል። በዚህ ስሌት ቀለሞቹና ምልክቶቹ ዳግም የሚገናኙት ክራንኩ 122 ጊዜ ከዞረ በኋላ ነው። ስለዚህ ከሁለት ዙር በኋላ መታየት ያለበት የጊሮቹ ምልክት እንጂ የአንጓው ቀለም አይደለም።

ይህን ሁለት ዙር ማንም መዝለል የለበትም። ካንዴላዎቹ ተፈትተው፣ ቁልፉ በክራንኩ ቡሎን ላይ ገብቶ፣ ሞተሩ በሚሠራበት አቅጣጫ ቀስ ተብሎ ይዞራል። ከዚያ በፊት ግን ሲገጠም ቴንሽነሩን ጨምቆ የሚይዘው ፒን መነቀሉ ይረጋገጥ። እጅ ላይ ቀስ በቀስ የሚከብድና የሚለቅ ነገር ችግር የለውም፤ ድንገት ብረት ከብረት እንደገጠመ ሆኖ ከቆመ ግን ቫልቭ ከፒስተን ጋር ተገናኝቶ ሊሆን ስለሚችል ሳይገፉ ማቆም ይገባል። ሞተሪኖ (የሞተር ማስነሻው) ይህን ልዩነት አይለይም፤ ቫልቩን አጣሞ ያልፋል።

«ከተነሳ ታይሚንጉ ልክ ነው»

አንድ ጥርስ የሳተ ሞተርም ሊነሳ ይችላል። የሚታወቀው መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ በመንቀጥቀጡ፣ ዳገት ላይ በመድከሙና ነዳጅ በማብዛቱ ነው። በሌላ በኩል ባትሪው ተነቅሎ ስለቆየ ኮምፒዩተሩ የማረፊያ ዙሩን እስኪለምድ ለጥቂት ጊዜ የሚታይ መዋዠቅ አለ፤ ይህ በራሱ ስህተትን አያመለክትም። መጀመሪያ ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ የሚሰማው መንኳኳትም ዘይቱ ባዶውን ቴንሽነር እስኪሞላ ነው። ድምፁ ከዚያ ከቀጠለ ወይም የዘይት መብራቱ ካልጠፋ ሞተሩ ወዲያው ይጥፋ።

«ሲሊኮን በበዛ ቁጥር ዘይት አይፈስም»

የተትረፈረፈው ሲሊኮን ወደ ውስጥ ይጨመቅና ተቆርጦ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ሊዘጋ ይችላል። ንጹሕ ገጽታ፣ ቀጭን መስመርና በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የመድረቂያ ጊዜ መጠበቅ ይበልጣል።

«ሞተሩ እንቢ ካለ ወይም ቼክ ኢንጂን ከበራ ጥፋቱ ካቴናው ነው»

ከጥገና በኋላ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እጅ የነካው ነገር ሁሉ ነው፤ ሳይሰካ የቀረ ሶኬት፣ የተቆነጠጠ ሽቦ፣ ሳይጠብቅ የቀረ የአየር ቱቦ። 1ኤንዜድ በተባለው የቶዮታ ሞተር ላይ በክራንኩ ጊር ፊት የሚገባ ስስ የሴንሰር ሰሌዳ አለ፤ «ኤፍ» የተጻፈበት ፊቱ ወደፊት መዞር አለበት። ሰሌዳው ተረስቶ ሽፋኑ ከተዘጋ ሞተሪኖው እያዞረ ሞተሩ አይነሳም፤ የጊሮቹ ምልክቶች ግን ሁሉም በትክክለኛ ቦታቸው ይገኛሉ።

የስካነር (የመኪናውን የስህተት ኮድ የሚያነበው መሣሪያ) ንባብም ነገሩን ይለያል። ፒ0335 የክራንክ ሴንሰሩን፣ ፒ0340 የካም ሴንሰሩን የኤሌክትሪክ መስመር ስለሚመለከቱ ፍተሻው ከሶኬትና ከሽቦ ይጀምራል። ፒ0016 ግን ክራንኩና ካሙ አለመጣጣማቸውን ይናገራል፤ ኮዱ ተሰርዞ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ተመልሶ ከመጣ፣ የሶኬቶቹና የዘይቱ ሁኔታም ደህና ከሆነ፣ ሽፋኑን ዳግም ከፍቶ የጊሮቹን ምልክት መመልከት ግድ ይሆናል።