«አንዱ ከፍ ብሏል፣ ተበላሽቻለሁ»፦ ጡታቸውን ተሰርተው ድሬ ለሚመለሱ ሴቶች

ድሬዳዋ ውስጥ ቁስል የማጥብ ነርስ ነኝ፣ ስፌት አያለሁ፣ ፋሻ እቀይራለሁ፣ መግል አፈሳለሁ። ጡታቸውን ያስተለቁ ሴቶች ድሮ እኛ ጋ ብርቅ ነበሩ፣ አሁን ግን አዲስ አበባ ወይ ኢስታንቡል ወይ ዱባይ ተሰርተው ስፌቱ ሳይደርቅ የሚመለሱ አሉ። የሰራቸው ሰርጀን ሩቅ ነው፣ ስለዚህ የሚመክራቸው ጎረቤት፣ የአክስት ልጅና ቲክቶክ ነው። ያንኑ ወሬ ደጋግሜ መስማት ሰልችቶኛል፣ አንዴ ልጻፈውና ለጠየቀችኝ ሁሉ ይሄንኑ ልላክላት።

«አንዱ ከፍ ብሏል፣ አንዱ ትልቅ ነው፣ ተበላሽቻለሁ»

ይሄን የሚሉኝ አብዛኞቹ ገና ሁለተኛ ሳምንታቸው ላይ ናቸው። አቦ ስሙኝ፣ በሁለተኛው ሳምንት መስታወት ውስጥ የምታዩት ጡታችሁን ሳይሆን እብጠት ነው። ኢምፕላንቱ፣ ማለትም ጡቱን ለማተለቅ የሚገባው ሰው ሰራሽ ከረጢት፣ ብዙ ጊዜ ከደረት ጡንቻ ስር ነው የሚገባው፣ ከጡንቻ በላይ የሚገባም አለ። ከስር ሲገባ ጡንቻው ይወጠራል፣ ኢምፕላንቱን ጨምቆ ወደ ላይ ይይዘዋል፣ ለዛ ነው መጀመሪያ ላይ ከላይ የሞላ ከታች የጎደለ፣ ደረቅ ያለና የማይንቀሳቀስ የሚሆነው። ከዛ ጡንቻው እየላላ፣ የታችኛው ቆዳ እየተለጠጠ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ይሄ ከ3 እስከ 6 ወር ይፈጃል፣ አንዳንዷ ላይ እስከ 1 ዓመት ይሄዳል። ሁለቱም ደግሞ እኩል አይወርዱም። ቀኝ እጇን የምትጠቀም ሴት የቀኝ ደረቷ ጡንቻ ጠንከር ይላል፣ እጇም ቤት ውስጥ አያርፍም፣ ስለዚህ የቀኙ ትንሽ በርትቶ ሊያብጥና ዘግይቶ ሊወርድ ይችላል። ስሜትም እንደዛው ነው፣ አንዱ ጫፍ ደንዝዞ ሌላው እንደ ኤሌክትሪክ ሊነዝር ይችላል፣ ነርቭ ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው፣ አንዳንዴ ሙሉ በሙሉ ላይመለስም ይችላል።

ደግሞ ዋናውን ነገር ብዙዎች ይረሱታል፣ ከኦፕራሲዮኑ በፊትም እኩል አልነበሩም! ሁለት እኩል ጡት ያላት ሴት የለችም ማለት ይቻላል። የአንዱ ጎን የጎድን አጥንት ወጣ ይላል፣ አንዱ ጫፍ ዝቅ ይላል ወይ ወደ ውጪ ያያል። ኢምፕላንት የጎድን አጥንት አያስተካክልም፣ እንደውም ጡቱ ሲተልቅ የድሮው ልዩነት ጎልቶ ይወጣል። በፊት ማንም ትኩር ብሎ አላየውም ነበር፣ አሁን ብር ወጥቶበታልና በየቀኑ ይታያል።

አንዲት ልብስ ሰፊ የመለኪያ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች መጣች። «ሲስተር፣ የግራው በአንድ ጣት ይወርዳል፣ ለክቼዋለሁ» አለችኝ፣ ዓይኗ አልቅሶ አብጧል። አስተኛኋትና በእጄ ጀርባ ሁለቱንም ጎን ነካሁ፣ ሙቀታቸው እኩል ነው፣ ስፌቱ ደረቅ ነው፣ መቅላት የለም፣ ትኩሳትም የላትም። ከኦፕራሲዮን በፊት የተነሳሽው ፎቶ የታለ አልኳት፣ ሰርጀኑ በቴሌግራም ልኮላት ኖሮ ከፍታ አሳየችኝ። የግራው ጫፍ ያኔም ዝቅ ያለ ነበር። ስልኩን ተቀብላ ፎቶውን እያሰፋች ብዙ አየችው። ከወራት በኋላ በሌላ ጉዳይ መጥታ ስለጡቷ አንድም ቃል አላነሳችም።

ስለዚህ ሜትሩንም ሴልፊውንም ተዉት። የስልክ ካሜራ ከቅርብ ሲያነሳ ወደሱ የቀረበውን ነገር ያተልቃል፣ ትንሽ ዘወር ካላችሁ አንዱን ጎን አሳበጠላችሁ ማለት ነው። መከታተል ከፈለጋችሁ በወር አንዴ፣ አንድ ቦታ ቆማችሁ፣ እጅ ወደ ታች ተለቆ፣ ሌላ ሰው ራቅ ብሎ ያንሳችሁ። ከወር ወር እየተቀራረቡ ከሄዱ ጥሩ ነው። 6 ወር አልፎም ልዩነቱ ካልጠበበ ያኔ ሰርጀኑን አነጋግሩ፣ የእውነት የሚስተካከል ነገር ሊኖር ይችላል፣ ለምሳሌ ኢምፕላንቱ ከቦታው ወጥቶ ወደ ብብት ወይ በጣም ወደ ታች ሊሄድ ይችላል። ግን ለልዩነት ብሎ ከ6 ወር በፊት የሚከፍት ጥንቁቅ ሰርጀን ብዙ አታገኙም፣ ያላለቀ ነገር አይስተካከልማ።

«ትኩሳት ያለ ነው፣ ቁስል እስኪድን ያተኩሳል»

በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ለአንድ ጣት ልዩነት በሌሊት ይደውሉልኛል፣ ትኩሳት ሲይዛቸው ግን ብርድ ልብስ ተከናንበው ይተኛሉ! አንዷ ለባሏ ቤተሰብ «ለጨጓራ ልታከም ሄጄ ነው» ብላ ነው የተሰራችው፣ ሚስጥሩ እንዳይወጣ ስትል እህቷ ከፋርማሲ በገዛችላት አሞክሳሲሊን ቤቷ ከረመች። እኔ ጋ ስትደርስ ከስፌቱ ጥግ መግል ይንጠባጠባል፣ ቆዳው ቀልቶ ይፋጃል። ኢምፕላንቱ መውጣት ነበረበት። ኢንፌክሽን ኢምፕላንት ላይ አንዴ ከያዘ በኪኒን ብቻ ማጥፋት ከባድ ነው፣ ብዙ ጊዜ ይወጣና ለወራት ተጠብቆ ነው ሌላ የሚገባው። ያኔ የእውነት አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ሆኖ ወራት መኖር ይመጣል። እህቶቼ፣ የታካሚ ሚስጥር መጠበቅ ግዴታችን ነው፣ ለባልም ለአማትም አንናገርም፣ ብቻ ኑ።

መደንገጥ ያለባችሁ በዚህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንዱ ጎን በድንገት በሰዓታት ውስጥ ካበጠ፣ ከተወጠረ፣ ከጠቆረና ህመሙ ከጨመረ ውስጥ ደም እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል፣ በዛው ሰዓት ሆስፒታል፣ ይንጋ አይባልም። 38 እና ከዛ በላይ ትኩሳት፣ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት፣ መግል፣ የተከፈተ ስፌት ካለ በዛው ቀን። አንዱ ባት ካበጠና ካመመ ወይ ደረት ወግቶ ትንፋሽ ካጠረ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፣ በተለይ ከኦፕራሲዮን በኋላ ረጅም በረራ ለበረራችሁ፣ ይሄም ደቂቃ አይሰጥም። ከወራት ወይ ከዓመታት በኋላ አንዱ እየጠነከረ፣ ቅርጹ እየተቀየረ፣ እያመመ ከሄደ ደግሞ ሰውነት ኢምፕላንቱን የከበበበት ስስ ሽፋን ወፍሮ እየጨመቀው ሊሆን ይችላል፣ ይሄ የታወቀ ችግር ነው፣ ቀጠሮ ያዙለት።

«ድሬ ይሞቃል፣ ሐረር ሄደሽ ዳኚ»

ሐረር ነፋሻ ነው፣ ዘመድ ካላችሁ ሄዳችሁ እረፉ፣ ግን ሙቀት ብቻውን ቁስል አያበላሽም። የሚያበላሸው ከጡት ስር የሚጠራቀም ላብ ነው፣ እርጥብ ሆኖ የሚውል ስፌት ይላላል፣ ፈንገስም ይወጣበታል። ሰርጀኑ መታጠብ ከፈቀደ በኋላ በንጹህ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ፣ ሳይታሽ በንጹህ ጨርቅ እየተነካካ ይድረቅ። ሽቦ የሌለው የጥጥ ጡት ማስያዣ ሁለት ሦስት ይኑራችሁ፣ በላብ የራሰውን ለብሳችሁ አትዋሉ። ወደ ሐረር የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ደንገጎን ስትወጡ በየመታጠፊያው እጀታ ጨብጣችሁ አትጎተቱ፣ የምትጎትቱት በዛው በተቆረጠው ጡንቻ ነው።

ማር፣ ቅቤና የጥቁር አዝሙድ ዘይት ትኩስ ስፌት ላይ አይቀባም። ሽቶ ሸቶሽ ቁስሉ አያመረቅዝም፣ የሚያመረቅዘው ጀርም ነው። እንቁላልና ስጋ መግል አያመጣም፣ ቁስል የሚድነው በፕሮቲን ነው፣ ብሉ። ኢምፕላንት አውሮፕላን ላይ አይፈነዳም።

«ጫት ህመም ያስረሳል፣ ሺሻ ከጡት ጋ ምን አገናኘው»

ይሄኛው የእኛ አገር ጉዳይ ነውና ደግሜ እላለሁ። ጫት የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፣ ውስጥ ያለው ቁስል ትኩስ በሆነበት ሰሞን የምትፈልጉት ይሄን አይደለም፣ የምግብ ፍላጎት ዘግቶ እንቅልፍም ይከለክላል፣ ታዲያ ሰውነት በምኑ ይዳን? ማደንዘዣ ለሚሰጣችሁ ባለሙያም ትቅማላችሁ ወይ ሲላችሁ አትዋሹት፣ ለህይወታችሁ ነው የሚጠይቀው። ሺሻና ሲጋራ ደግሞ ኒኮቲን አላቸው፣ ትንንሽ የደም ስሮችን ያጠብባል፣ የስፌቱ ጠርዝ ደም አጥቶ ይጠቁርና ይከፈታል። ብዙ ሰርጀኖች 4 ሳምንት ቀድሞም 4 ሳምንት በኋላም እንዲቆም ይጠይቃሉ። በርጫ ላይ «እኔ አላጨስም ተቀምጬ ነው» የምትሉም ጭሱን እየሳባችሁት ነው።

«ሦስተኛ ልጄን ተሸክሜ ጀሪካን ያነሳሁ ሴት ነኝ፣ ምን እሆናለሁ»

ጥንካሬያችሁን አውቃለሁ። ግን ሃያ ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፣ ውሃ መጣ ተብሎ እሱን ያነሳ ክንድ ከውስጥ ስፌት ይበጥሳል፣ ደም ያፈሳል። ልጅ ማዘልም፣ ልብስ በእጅ ማጠብም፣ ሊጥ ማቡካትም ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይቅር፣ እስከ መቼ እንደሆነ ሰርጀኑ ይወስናል። የሚረዳ ሰው ሳታዘጋጁ ቀን አትያዙ። ማሸትም እንደዚሁ ነው፣ «እሺው ይወርዳል» የምትላችሁ ጓደኛ የእሷ ኢምፕላንት ገጹ ለስላሳ የእናንተ ሸካራ ሊሆን ይችላል፣ ሸካራው እንዳይንቀሳቀስ ተብሎ የተሰራ ነው፣ ሰርጀኑ እሹት ካላላችሁ አትንኩት።

ጠባሳው ካበጠና ካሳከከ የሰርጀኑ ጥፋት ነው ማለት አይደለም፣ የእኛ ቆዳ ደረት ላይ ኬሎይድ የሚባል አብጦ የሚያድግ ጠባሳ ሊያወጣ ይችላል። ጆሯቸውን ሲበሱ ያበጠባቸው ከኦፕራሲዮኑ በፊት ይናገሩ፣ ሲጀምርም ቶሎ ይምጡ፣ የሲሊኮን ፕላስተርም መርፌም አለው። ጡት ማጥባትን በተመለከተ ብዙዎች ያጠባሉ፣ የተቆረጠው በጫፉ ዙሪያ ከሆነ ግን ወተት ሊያንስ ይችላል።

«ካንሰር ያመጣል» እና «አንዴ ከገባ እስከ መቃብር ነው»

ሁለቱም ልክ አይደሉም። የተለመደውን የጡት ካንሰር ኢምፕላንት አያመጣም። ብርቅ የሆነ፣ በተለይ ከሸካራ ኢምፕላንቶች ጋር የተያያዘ የሊምፎማ (የነጭ የደም ሴሎች ካንሰር) አይነት ግን አለ፣ የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2011 ግንኙነቱን አሳውቆ በ2019 አለርጋን የተባለው ድርጅት ባዮሴል የሚላቸው ሸካራ ኢምፕላንቶች ከገበያ እንዲሰበሰቡ ያደረገው ለዚህ ነው። ዋና ምልክቱ ከዓመታት በኋላ አንዱ ጡት ውሃ ቋጥሮ ማበጥ ነው፣ ያኔ ልዩነቱን «ያው የድሮው ነው» ብላችሁ አትለፉት። ዕድሜ ልክም የሚሰራ ኢምፕላንት የለም፣ ሲሊኮን የሞላው ኢምፕላንት ሳያምም ውስጥ ለውስጥ ሊቀደድ ይችላል፣ ስለዚህ ከ5 እስከ 6 ዓመት ላይ በአልትራሳውንድ ወይ በኤምአርአይ ታይቶ ከዛ በየ2 እና 3 ዓመቱ ይደገማል። ማሞግራም ስትነሱ ኢምፕላንት እንዳለ ቀድማችሁ ተናገሩ፣ አነሳሱ ይለያል።

የተሰራችሁበት ቦታ የኢምፕላንት ካርድ ይሰጣል፣ የድርጅቱ ስም፣ ለስላሳ ነው ሸካራ፣ የተከታታይ ቁጥሩ፣ የግራና የቀኙ መጠን ያለበት። ሁለቱን ለማቀራረብ ሆን ብለው የተለያየ መጠን የሚያስገቡ ሰርጀኖች አሉ፣ እናንተ ሳታውቁት የቀኙ 275 የግራው 300 ሲሲ ሊሆን ይችላል። ካርዱን ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይም የምታምኗት ሰው ስልክ ላይም አስቀምጡት። ካርድ ያልተሰጣችሁ ወይ የጠፋባችሁ ዛሬውኑ ደውላችሁ ቅጂውን አስልኩ፣ ፋይሉ እዛው እያለ።