ጄምስታውን፦ በሰሜን አሜሪካ የመጀመሪያው ቋሚ የእንግሊዞች ሰፈራ

ጄምስታውን በዛሬዋ የቨርጂኒያ ግዛት፣ በጄምስ ወንዝ ዳር፣ በ1607 የተቆረቆረ የሰፈራ መንደር ሲሆን፣ እንግሊዞች በሰሜን አሜሪካ ካቋቋሟቸው ሰፈራዎች ሳይፈርስ የዘለቀው የመጀመሪያው ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ቀደም ሲል በዛሬዋ ሰሜን ካሮላይና፣ በሮአኖክ ደሴት የተሞከረው ሰፈራ ነዋሪዎቹ የገቡበት ሳይታወቅ ቀርቷል።

መንደሩን የመሠረተው በ1606 ከንጉሥ ጄምስ ቀዳማዊ ፈቃድ ያገኘው የቨርጂኒያ ኩባንያ ነው። ባለአክሲዮኖቹ ወርቅና ወደ እስያ የሚያደርስ የባሕር መንገድ ይገኛል ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። በሦስት መርከቦች የመጡት 104 ወንዶችና ታዳጊዎች ቦታውን የመረጡት ወንዙ እስከ ዳር ድረስ ጥልቅ በመሆኑ መርከብ ስለሚያስጠጋና ከስፔን የጦር መርከቦች ዕይታ ስለሚሰውር ነበር። ሆኖም አገሩ ባለቤት ነበረው፤ አካባቢው ወደ 30 የሚጠጉ ነገዶች ለአንድ የበላይ አለቃ፣ ለዋሁንሰናካው፣ የሚገብሩበት የፓውሃታን ሕዝብ ምድር ነበር።

መሬቱ ረግረግ፣ የወንዙ ውኃም በሞቃቱ ወራት ጨዋማ ስለነበር ተቅማጥና ትኩሳት ሰፋሪዎቹን ፈጇቸው፤ በጥር 1608 በሕይወት የቀሩት 38 ብቻ ነበሩ። የዛፍ ዕድገት ቀለበቶች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳመለከተው ደግሞ ከ1606 እስከ 1612 አካባቢውን ብርቱ ድርቅ መትቶት ነበር። እነዚህን ሰዎች ያቆያቸው ፓውሃታኖች በመዳብና በዶቃ የለወጡላቸው በቆሎ ነው፤ ይህ ውለታ በብዙ ትረካዎች ተገቢውን ስፍራ አላገኘም። መሪያቸው ካፒቴን ጆን ስሚዝ «የማይሠራ አይበላም» የሚል ሥርዓት አጽንቷል። የአለቃው የዋሁንሰናካው ልጅ ፖካሆንታስ ከሞት አዳነችኝ ሲል የጻፈውን ግን ብዙ የታሪክ ተመራማሪዎች ይጠራጠሩታል።

ስሚዝ በ1609 ወደ እንግሊዝ ከተመለሰ በኋላ ፓውሃታኖች ምሽጉን ከበቡት። «የረሃብ ዘመን» በተባሉት በዚያ ዓመት የብርድ ወራት ሰፋሪዎቹ ፈረሶቻቸውን፣ ውሾቻቸውን፣ በመጨረሻም የጫማ ቆዳ በሉ፤ ከ300 ገደማ ሰዎች የተረፉት ወደ 60 ነበሩ። በሰኔ 1610 መንደሩን ጥለው ሲሄዱ፣ ስንቅና ሰው ጭኖ ከመጣው ከገዢው ሎርድ ደ ላ ዋር ጋር ወንዙ ላይ ተገናኝተው ተመለሱ።

ሰፈራውን ከኪሳራ ያወጣው ጆን ሮልፍ በ1612 ገደማ ማልማት የጀመረው ትምባሆ ነው። ሮልፍ በ1614 ፖካሆንታስን አገባ፤ ጋብቻውም ለጥቂት ዓመታት ሰላም አስገኘ። ትምባሆ ግን ሰፊ መሬትና ብዙ ጉልበት ስለሚፈልግ በአንድ በኩል የፓውሃታኖችን መሬት፣ በሌላ በኩል የመርከብ ጉዞ ወጪያቸው ተከፍሎላቸው ለዓመታት ያለ ደመወዝ ለመሥራት የተዋዋሉ ድሆች እንግሊዛውያንን ጉልበት እየዋጠ ሄደ። በ1619 የመጀመሪያው የሕዝብ ተወካዮች ጉባኤ በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ተሰበሰበ፤ ከሳምንታት በኋላም ከአንጎላ የተጋዙ ከ20 የሚበልጡ አፍሪካውያን በአቅራቢያው ባለው ፖይንት ኮምፈርት ወርደው በምግብ ተለወጡ። እነዚህን ሁለት ክስተቶች ነጣጥሎ መተረክ ታሪኩን ያጎድለዋል።

በመጋቢት 1622 ፓውሃታኖች በአንድ ቀን ባደረሱት ጥቃት 347 ሰፋሪዎች ሞቱ፤ በ1624 ኩባንያው ፈቃዱን ተነጥቆ ቨርጂኒያ በቀጥታ በንጉሡ ሥር ገባች። መንደሩ በ1676 ናትናኤል ቤከን የተባለ ሰፋሪ በገዢው ላይ በመራው ዐመፅ ተቃጠለ፤ በ1699 የቨርጂኒያ መዲናነቱን ለዊሊያምስበርግ ለቀቀ።

ምሽጉ በወንዙ ተበልቶ ጠፍቷል ተብሎ ለረጅም ጊዜ ሲታመን ቢቆይም፣ በ1994 በአርኪዮሎጂስቱ ዊሊያም ኬልሶ መሪነት የተጀመረው ትዕግሥት የተሞላበት ቁፋሮ ባለሦስት ማዕዘኑን የአጥር መስመር ከአፈር ሥር አወጣው። በ2012 የተገኘው የ14 ዓመት ገደማ ልጃገረድ የራስ ቅል የቢላ ምልክቶች ስላሉበት፣ በረሃቡ ዘመን የሰው ሥጋ ተበልቷል የሚሉትን የጥንት ጽሑፎች አረጋግጧል።